ቦረቦርን በሰፈር ጉልበት ማዳን፦ ከመስማማት እስከ ሣር አጨዳ

ቦረቦር ሲጀምር የሚሰጋበት ሰው የለም። ከብት በሚመላለስበት ዱካ ላይ የክረምት ውሃ ስስ ቦይ ያወጣል። በሚቀጥለው ክረምት ቦይዋ እስከ ጉልበት ትጠልቃለች። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ማሳው ለሁለት ተገምሶ፣ የታችኛው መስኖ በደለል ተሞልቶ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ለመድረስ የሚዞሩት ገደል ይሆናል። የወረደው አፈር ተመልሶ አይመጣም፤ በሰው ዕድሜ የሚተካም አይደለም። በጊዜ የተያዘ ቦረቦር ግን ይድናል፤ ከዳነም በኋላ ከዳር ዳሩ ማሳ የበለጠ ሣር የሚሰጥ መሬት ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ለእድር አባላት፣ ለሰፈር ወጣቶች፣ ለትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበቦች፣ ባጭሩ በራሳቸው ጉልበት አንድ ነገር ለመጀመር ለቆረጡ ሰዎች ነው። የምናገረው ጥልቀቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ሜትር ስላልበለጠ ቦረቦር ነው። ከዚያ የጠለቀ፣ ክረምት ከበጋ ወንዝ የሚወርድበት ወይም መንገድና ድልድይ የሚያሰጋ ከሆነ ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) እና መሐንዲስ ስለሚፈልግ ወረዳውን ይዛችሁ ሂዱ።

ከሁሉ በፊት ቅደም ተከተሉን ያዙ። መጀመሪያ ከብቱን ከቦታው ማስቀረት፣ ቀጥሎ ውሃውን ከላይ መያዝ፣ ክትር፣ ማለትም በቦረቦሩ ውስጥ ጎርፉን የሚያበርድ ግድግዳ፣ መሥራት ከዚህ በኋላ ነው። ድንጋይ መደርደር ዓይን የሚሞላ ሥራ በመሆኑ ሰው ወደ ሦስተኛው ይቸኩላል። ሁለቱ ሳይቀድሙት የተሠራ ክትር ግን አንድ ክረምት አይሻገርም፤ የሰው ላብም በከንቱ ይፈሳል፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ማስነሳት ይከብዳል።

በክረምት ውሃውን ተከተሉት

ሥራው የበጋ ቢሆንም ጥናቱ የክረምት ነው። ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ከባድ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከቦረቦሩ ራስ (ከላይኛው ጫፉ) ላይ ቁሙና ውሃው የሚመጣበትን ወደ ላይ ተከተሉ። ብዙውን ጊዜ ውሃው ከአራት ቦታ ነው የሚመጣው፦ ከከብት መሄጃ፣ ከተራቆተ ኮረብታ፣ ገበሬው ከማሳው ትርፍ ውሃ ከሚያወጣበት ፈሰስ፣ ወይም ከመንገድ ቱቦ። ከመንገድ ቱቦ የሚመጣ ከሆነ ብቻችሁን አትታገሉት። ቱቦው ውሃውን የሚለቅበትን ቦታ ፎቶ አንስታችሁ፣ የተጎዳውን ማሳ ጠቅሳችሁ፣ በቀበሌው በኩል መንገዱን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ አሳውቁ፤ የደብዳቤውን ግልባጭም አስቀሩ። በከተማ ዳር ሰፈሮች የሚታየው ቦረቦር አብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው።

ሽማግሌና አሮጊት ጠይቁ። «እማማ፣ እርስዎ እዚህ ሲዳሩ ይህ ገደል ነበር?» ብላችሁ ስትጀምሩ፣ ቦረቦሩ በየት በኩል እንደጀመረ፣ ድሮ ውሃው በየት ይወርድ እንደነበር፣ የትኛው ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ እንደባሰ ይነግሯችኋል። ይህ መረጃ በየትኛውም ካርታ ላይ የለም።

አፈሩንም ተመልከቱ። ጥቁር አፈር፣ ማለትም በበጋ የሚሰነጣጠቅ በክረምት የሚያብጥ ዋልካ ከሆነ፣ ጉዳዩ ይለያል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ባለችው በደብረ ማዊ ተፋሰስ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ እንዲህ ባለ መሬት ቦረቦሩን የሚያሰፋው ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ብቻ አይደለም። ክረምቱ ሲገፋ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ይልና ግድግዳው ከውስጥ ረጥቦ፣ ከብዶ ይናዳል። ስለዚህ በዋልካ ላይ ወለሉን በድንጋይ ከመሙላት ይልቅ ግድግዳውን ማጋደምና በሣር ማሰር ይቀድማል። ድንጋይ ብቻ ከደረደራችሁ ውሃው በስንጥቁ ሾልኮ በጎኑ ያልፋል።

ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ከቦረቦሩ ራስ ሁለት ሜትር ወደ ላይ ርቃችሁ ካስማ ትከሉ። በሚቀጥለው ዓመት ከካስማው እስከ ጠርዙ ያለውን ስትለኩ ሥራችሁ መያዝ አለመያዙን ታውቃላችሁ። ለሰፈሩ ስብሰባም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ስለ ከብቱ ተስማሙ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ ስጡት።

ከብት በሚገባበት ቦታ ሣር ሁለት ጣት ሳይበቅል ይነጫል። ኮቴው የዳሩን አፈር ይንዳል፤ ትናንት የተካበውን ድንጋይ ያፈርሳል። በሌላ በኩል ከብቱ የአንድ ቤት ኑሮ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አታሰማሩ» ብሎ ማወጅ ሰው ያስቀይማል፤ ሌሊት ሌሊት የሚያሰማራም ያበዛል። ስለዚህ ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት በቦረቦሩ አካባቢ ከብት የሚያሰማሩትን፣ ማሳቸው የሚያዋስነውን፣ እንጨትና ኩበት የሚለቅሙትን ቤተሰቦች ሁሉ መዝግቡና በየቤታቸው ሂዱ። ጥያቄያችሁ «ትስማማለህ ወይ?» አይሁን። «ጋሼ፣ ከብትዎ በዚህ ካልወረደ ውሃ የት ይጠጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ውስጥ መፍትሔው አለ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ግጦሹ ሳይሆን መሻገሪያው ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ አንድ ቦታ መርጣችሁ፣ በድንጋይ አንጥፋችሁ፣ ሁለቱን ጎን አጥራችሁ የከብት መውጫ ተዉ፤ የቀረው ይከለላል።

ሴቶችን ለብቻ አነጋግሩ። በስብሰባ ላይ እጅ የሚያወጣው አባወራ ቢሆንም፣ ቦታው ሲዘጋ ማገዶ ፍለጋ ሩቅ የምትሄደው ሚስቱ ወይም ልጁ ናት። የደረቀ ጭራሮ በሳምንት አንድ ቀን መልቀም ይፈቀድ ቢባል ቦረቦሩን አይጎዳም፤ ደንቡን ግን ከመሰበር ያድነዋል።

ከዚያ ስብሰባው ይጠራ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወይም ዐርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቢሆን ጥሩ ነው። በእድሩ ዳኛ ቢመራ የበለጠ ይከበራል፤ ሰው ከቀበሌ ቅጣት ይልቅ ከእድር መውጣትን ይፈራልና። በዕለቱ መወሰን ያለበት ይህ ነው፦ ድንበሩ ከየት እስከ የት ነው፤ ስንት ዓመት ይዘጋል (ከሦስት ዓመት ያነሰ አይረባም)፤ ማን ይጠብቃል፤ ለጠባቂው ምን ይከፈለዋል፤ ከብት የገባበት ሰው በአንድ ከብት ስንት ይቀጣል፤ ገንዘቡ የት ይገባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሣሩን ማን ያጭዳል። የመጨረሻውን «በኋላ እናየዋለን» ብላችሁ አትለፉት። ሣሩ ከበቀለ በኋላ የሚነሳ ጠብ ከብት ካፈረሰው ይበልጣል።

እኔ የምመክረው አከፋፈል የሚከተለው ነው። ማሳው የሚያዋስነው ገበሬ ለዳሩ ተክል አንድ ሁለት ሜትር መሬት ስለሚለቅ ቅድሚያ ያግኝ። ቀጥሎ ቀድሞ በዚያ ያሰማሩ የነበሩ፣ ከዚያም በሥራው የተሳተፈ ሁሉ እንደ ተሳትፎው ይካፈል። መሬት የሌላቸው ወጣቶች ካሉ የንብ ቀፎ እንዲያስቀምጡበት ቦታ ይሰጣቸው። ውሳኔው በመተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ፣ ሁሉም ፈርሞበት፣ በቀበሌው ማኅተም ይጽና። ቅጣቱ ትንሽ ይሁን፤ የማይቀር ግን ይሁን፤ ደረሰኝም ይቆረጥለት። ደንብ ሰው ልብ ውስጥ የሚገባው የኮሚቴው ዘመድ ጭምር ሲቀጣ ነው።

እንዲህ ያለ ስምምነት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በመንዝ የጓሳ መሬት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሕዝቡ በመረጠው አለቃ እየተመራ፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈት ነበር። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም ነዋሪው በሌላ መልክ መልሶ አደራጅቶታል፤ ዛሬም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚታይበት ጥብቅ ቦታ ነው። ሽማግሌዎችን ስታሳምኑ የጓሳን ታሪክ አንሱላቸው። ከውጭ የመጣ ሐሳብ እንዳልሆነ ሲያውቁ ነገሩ ይቀላል።

ቀኑንና ጉልበቱን አስሉ

የድንጋይና የቁፋሮ ሥራ ወቅቱ መኸር ከገባ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ነው። መንግሥት የሚያስተባብረው የተፋሰስ ልማት ዘመቻም በዚሁ ጊዜ ስለሚካሄድ ከግብርና ባለሙያው ጋር ተነጋገሩ። የእናንተ ቦታ በዕቅዱ ውስጥ ከገባ ጉልበትም የቅየሳ መሣሪያም ታገኛላችሁ። በየወሩ 12ን፣ 21ን፣ 27ንና 29ን የመሰሉ የሚከበሩ በዓላትን ከቀን መቁጠሪያው ላይ አስቀድማችሁ አውጡ። ዐቢይ ጾም ከገባ ሥራው ከማለዳ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ይሁን፤ ጾመኛን ቀትር ላይ ድንጋይ ማሸከም ጭካኔ ነው።

ጉልበቱን ለማስላት አንድ ሰው በቀን ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል የድንጋይ ክትር ይሠራል ብላችሁ ያዙ። ወርዱ አራት ሜትር በሆነ ቦረቦር ላይ የሚሠራ፣ ከፍታው አንድ ሜትር፣ ግርጌው ሁለት ሜትር የሚሰፋ ክትር ከነመሠረቱ 10 ሜትር ኩብ ያልፋል። ይህም 20 ሰው አንድ ሙሉ ቀን ያሠራል ማለት ነው፤ ድንጋዩ ሩቅ ከሆነ ከዚያም በላይ። ስለዚህ 40 ሰው ሁለት ቀን ከወጣ አራት ክትር ይጨርሳል። ስምንት ጀምሮ ስምንቱንም በግማሽ ከመተው አራቱን በወጉ መጨረስ ይሻላል።

ዶማ፣ አካፋ፣ ዲጂኖ፣ መዶሻ፣ ባሬላ፣ ገመድ፣ ሜትርና ካስማ ያስፈልጋል። ድንጋይ ከአሮጌ እርከን አትንቀሉ፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን ማፍረስ ይሆናል። የድንጋይ ክምር ስትከፍቱ እባብና ጊንጥ እንዳለ አስቡ። ማንም ሰው ከሥሩ በተቦረቦረ ግድግዳ ሥር አይቁም፤ ሰው የሚሞተው እዚያ ነው። ልጆች ውሃ ያቀብሉ፣ ችግኝ ያድርሱ፤ ወደ ቦረቦሩ ውስጥ ግን አይውረዱ።

ዋሽንግተንም ሆነ ሪያድ ሆነው ለተወለዱበት ቀበሌ ገንዘብ የሚልኩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ገንዘቡ ለዕቃ፣ ለችግኝና ለጠባቂ ደሞዝ ይዋል። በደቦ የሚወጣን ሰው አበል ማስለመድ ግን ደቦውን ይገድለዋል፤ ገንዘቡ ባለቀ ማግሥት የሚወጣ አይገኝም።

ከላይ ጀምሩ

ክረምት ላይ ያያችሁትን የውሃ መንገድ ተከትላችሁ ከቦረቦሩ በላይ ወዳለው ተዳፋት ውጡ። እዚህ የምትፈልጉት መሣሪያ የገመድ ውሃ ልክ ነው። ሁለት እኩል ዘንጎች፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ መሐሉ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ፤ ሦስት ሰው ይበቃዋል። ሲባጎውን በሁለቱ ዘንጎች እኩል ከፍታ ላይ እሰሩ። አንዱ ባለበት ይቁም፤ ሌላው ሲባጎው እስኪወጠር ሄዶ ወደ ላይና ወደ ታች ይፈልግ። የውሃ ልኩ አረፋ መሐል ላይ ስትቆም ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው፤ እዚያ ካስማ ይተከላል። እንዲህ እያላችሁ ስትሄዱ ተራራውን የሚያቅፍ መስመር ታገኛላችሁ።

በመስመሩ ላይ ድንጋይ ካለ እርከን ሥሩ፤ አፈሩ ጥልቅ ከሆነ ትሬንች ቆፍሩ። የተለመደው ትሬንች ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት፣ ስፋቱና ጥልቀቱ ግማሽ ግማሽ ሜትር ነው፤ የተቆፈረው አፈር በታችኛው በኩል ይከመራል። የታችኛው ረድፍ ትሬንች ከላይኞቹ ክፍተት ትይዩ ይሁን። ያኔ ያመለጠውን ውሃ የታችኛው ይቀበለዋል። ውሃው ተይዞ ወደ መሬት ይሰርጋል። ሰዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ ምንጩ ከወትሮው ዘግይቶ መድረቁን የሚያስተውሉት ከዚህ የተነሳ ነው።

የሚወርደው ጎርፍ ብዙ ከሆነ ከቦረቦሩ ራስ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል። ቦዩ በጣም በቀስታ ማዘንበል አለበት፤ በ10 ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከፊት በሚሄደው ዘንግ ላይ ሲባጎውን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በማሰር ይህን ማግኘት ትችላላችሁ። ዋናው ጥንቃቄ መጨረሻው ላይ ነው። ቦዩ የሚያፈሰው ሣር በያዘ ወይም ድንጋያማ በሆነ የተፈጥሮ መውረጃ ላይ ካልሆነ አትቆፍሩት። ጎርፍን ከአንዱ ማሳ ቀልብሶ በጎረቤት ማሳ ላይ መልቀቅ አዲስ ቦረቦርና አዲስ ጠብ መፍጠር ነው።

ኮረብታው የተራቆተ ከሆነ እሱም ይከለል፤ ችግኝ ለማፍላት ግን አትቸኩሉ። በወላይታ ሁምቦ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው በመሬት ውስጥ ከቀሩ ጉቶዎችና ሥሮች ነው። ከብትና መጥረቢያ ሲርቃቸው ራሳቸው አቆጠቆጡ፤ ሰዎች ደግሞ ጠንካራ ጠንካራውን ቀንበጥ እየመረጡ ሌላውን ገረዙ። እናንተም መጀመሪያ አንድ ክረምት ጠብቁና ምን እንደሚበቅል እዩ። ሳይከፈልበት የበቀለ ወይራ ወይም ግራር ከችግኝ ጣቢያ ከመጣው የተሻለ ይጸድቃል።

የቦረቦሩ ራስ

ቦረቦር ወደ ላይ የሚራመደው በራሱ በኩል ነው። ውሃው ከጠርዙ እየተወረወረ ሥሩን ይበላል፤ ከላይ ያለው አፈር ተንጠልጥሎ ይቀርና ይናዳል። ቀጥ ያለውን ግድግዳ ቆርሳችሁ ወደ 45 ዲግሪ አጋድሙት፤ ጠፍጥፋችሁ ሣር ወይም ጭድ አንጥፉበት፤ በላዩ ድንጋይ እየተጠላለፈ ይነጠፍ። ይህ ከመጋቢት በፊት ማለቅ አለበት። የበልግ ዝናብ ከያዘው የተቆረሰው አፈር በሙሉ ይወርዳል።

ክትሩን ሥሩ

መጀመሪያ የወለሉን ተዳፋት ለኩ። ያንኑ ሲባጎ ቦረቦሩ ውስጥ ዘርጉና፣ አረፋዋ መሐል እስክትቆም ድረስ በላይኛው ዘንግ ላይ ያለውን ሲባጎ ዝቅ አድርጉት። አንድ ሜትር ዝቅ ካለ በ10 ሜትር አንድ ሜትር ነው፤ ተዳፋቱም 10 በመቶ። በክትሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ለማግኘት የክትሩን ከፍታ በ1.2 አባዙና ለተዳፋቱ አካፍሉ። ከፍታው 1 ሜትር፣ ተዳፋቱ 10 በመቶ ከሆነ፦ 1 ሲባዛ በ1.2፣ ሲካፈል ለ0.10፣ 12 ሜትር ይሆናል። በዓይን ስታዩት የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ግርጌ ጋር ትይዩ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ያን ጊዜ በመካከላቸው ያለው ቦታ በደለል ሞልቶ ደረጃ ይሆናል። ከአንድ ሜትር ያለፈ የድንጋይ ክትር ለበጎ ፈቃደኛ አልመክርም፤ ረጅም ክትር ከተናደ የታቹን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ቦታው ቀጥ ያለና ጠበብ ያለ ይሁን፤ መታጠፊያ ላይ አትሥሩ። ሥራውም ከላይ ወደ ታች ይሂድ።

መሠረቱን ግማሽ ሜትር ቆፍሩ። አሁን ዓይናችሁን ወደ ሁለቱ ጎኖች አዙሩ፤ የክትር ሞት የሚመጣው በትከሻው ነው። ድንጋዩ ግድግዳው ጋ ደርሶ እዚያው ካበቃ፣ የመጀመሪያው ከባድ ጎርፍ በድንጋዩና በአፈሩ መካከል ጣት የምታክል መንገድ ያገኛል። እሷን እየላሰ እያሰፋ በአንድ ሌሊት ክትሩን ከጎኑ ያልፈዋል፤ ጠዋት ስትሄዱ ድንጋዩ ሳይነቃነቅ በመሐል ቆሞ፣ ቦረቦሩ ግን አንድ ሜትር ሰፍቶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ሁለቱም ግድግዳዎች ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ድረስ ወደ ውስጥ ይቆፈሩ፤ የክትሩ ድንጋይ በዚያ ውስጥ ዘልቆ ይግባና ቀሪው ቀዳዳ በአፈር ተጠቅጥቆ ይዘጋ። ይህን የሚቆጣጠር አንድ ሰው መድቡ፤ ሥራው ሁሉ ያ ብቻ ይሁን።

ድንጋዩ ጠፍጣፋና ማዕዘን ያለው ይመረጥ፤ ክብ የወንዝ ድንጋይ ይንሸራተታል። ትልልቁ ከታችና ከውጭ፣ ትንንሹ መሐል ይሁን። እያንዳንዱ ረድፍ የታችኛውን ረድፍ መገጣጠሚያ ይሸፍን። ክትሩ ወደ ላይ ሲወጣ ይጥበብ፤ በውሃው መውረጃ በኩል ያለው ፊት በደንብ ያጋደለ ይሁን። መሐሉ ላይ ከትከሻዎቹ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ፣ አንድ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የውሃ ማሳለፊያ ተዉ። ጎርፉ በመሐል እንጂ በጎን እንዳያልፍ የሚያደርገው ይህ ነው። ውሃው ዘሎ የሚወድቅበትን ወለልም የክትሩን ከፍታ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ርዝመት በድንጋይ አንጥፉ፤ ድንጋዩ ከወለሉ እኩል ተቀብሮ ይቀመጥ።

ድንጋይ በሌለበት አገር የቅርንጫፍ ክትር ይሠራል። በሁለት ረድፍ ካስማዎች ግማሽ ሜትር ያህል ጠልቀው ይመታሉ፤ በመካከላቸው ቅርንጫፍና ጭራሮ ታጭቆ በገመድ ወይም በሽቦ ይታሰራል። ከፍታው ከአንድ ሜትር ይነስ። ካስማው እርጥብ ኮርች ቢሆን ሥር ሰዶ ያቆጠቁጣል፤ የደረቀው ቅርንጫፍ ሲበሰብስ ሕያው አጥር በቦታው ይቆማል። አፈር የሞላ የማዳበሪያ ጆንያም ይሠራል፤ ፀሐይ ቶሎ ስለሚበላው ግን በዚያው ክረምት ሣር ካልተተከለበት አይታመንም።

ትከሉበት

የተክሉን ጉዳይ ለሐምሌ አታቆዩት፤ ችግኝና የሣር ግንጣይ በየካቲት ከችግኝ ጣቢያው ይታዘዝ። የሚተከለው ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ከዚያ የዘገየ ሥሩን ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል።

ለቦታው የሚሆነውን ምረጡ። ከክትሩ ጀርባ ደለል በተኛበት እርጥብ ወለል የዝሆን ሣርና ሸንበቆ ይሆናል። በተጋደመው ግድግዳ ላይ ደሾ ወይም ቬቲቨር የተባለው ሣር አግድም በረድፍ ይተከል፤ ቬቲቨር በግንጣዮቹ መካከል ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይተውለት፤ ሲራራቅ ውሃ ያሳልፋል። በረድፎቹ መካከል በወይና ደጋ ሰስባንያ፣ በደጋ ትሪ ሉሰርን ቢገባ ለከብት መኖ ይሆናል። ከጠርዙ ውጭ ሰንሰል ወይም ቃጫ እንደ አጥር ይተከል፤ ከብት አይበላቸውም። ባሕር ዛፍን ግን ወደ ቦረቦር አታስገቡት። ገንዘብ እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ ከሥሩ ግን ሣር አይበቅልም፤ መሬቱን የሚይዘው ደግሞ ሣሩ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር አገር ሁሉ ወጥቶ ነበር። የዚያን ዕለቱን ዓይነት ብርታት ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት ማቆየት የሚችለው በአቅራቢያው የሚኖር ሰው ብቻ ነው። በጥቅምት ወር የጸደቀውን ቁጠሩ፤ የሞተውን ቦታ በካስማ ምልክት አድርጉና ለመጪው ክረምት ስንት እንደሚተካ ጻፉ።

ጎርፍ በመጣ ማግሥት

ለመጀመሪያው ክረምት አምስት ሰው ያለበት የጥገና ቡድን ይኑራችሁ። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግሥት ጠዋት አካፋና ዶማ ይዘው ከላይ እስከ ታች ይሂዱ። ሦስት ነገር ይዩ፦ በክትሩ ትከሻ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ፣ ከማሳለፊያው ሥር የተበላ ወለል፣ ከቦታው የወረደ ድንጋይ። በዚያው ቀን ከያዙት የሁለት ሰዎች የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሁለት ዝናብ ካለፈበት ግን ክትሩ እንደገና መሠራት ይኖርበታል።

ደለሉ ክትሩን ጢም አድርጎ ሲሞላው ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ቦረቦሩ ገና ጥልቅ ከሆነ፣ ደለሉ በሣር ከተያዘ በኋላ በሚቀጥለው በጋ ከአናቱ ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ብላችሁ ሌላ ዝቅ ያለ ክትር ደርቡበት።

ሣሩ የሚታጨደው ዘሩን ከማራገፉ በፊት፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። ማጨድ እንጂ መንቀል ወይም ከብት ማስገባት አይፈቀድም፤ «ይህን አንድ ቀን ብቻ» የሚል ልመና ይመጣልና ኮሚቴው አስቀድሞ መልሱን ይያዝ። አጨዳው ቀኑ ታውጆ፣ ባለድርሻው ሁሉ ባለበት፣ ድርሻው በገመድ ተለክቶ በአንድ ቀን ይሁን፤ ከብት የሌለው ሰው ድርሻውን እዚያው መሸጥ ይችላል። ከሽያጩ ለጠባቂው ደሞዝ የሚቀረው ከሁሉ በፊት ይነሳ። በዕለቱ ሰው ሁሉ ስለሚገኝ ዓመታዊው ስብሰባ እዚያው ይካሄድ፦ ካስማው ይለካ፣ የቅጣቱ ሒሳብ ይነበብ፣ በመጪው ጥር የሚሠራው ክትር ቁጥር ይወሰን፣ ለየካቲት የሚታዘዘው ችግኝ ይመዝገብ።